ወንበር ከተረፈ

«ጋሼ፣ እርስዎ ለምንድን ነው የሚሄዱት?»

ልጅቷ ምላሷን የነከሰችው ጥያቄው ካመለጣት በኋላ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ። አውሮፕላን ማረፊያው አዳራሽ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ አያት። አልተቆጣም፤ ግን እንደ እሷው ተጠባባቂ ስለሆነ፣ ይህ ጥያቄ እዚህ ወንበር ላይ እንደማይጠየቅ ያውቃል። እሷም ብትሆን ታውቃለች። አክስቷ ስንት ጊዜ ነግራታለች።

አክስቷ የአውሮፕላን ወንበር ልብስ ሰፊ ናት። ተሳፋሪ ሻይ የደፋበትን፣ ሕፃን ያስመለሰበትን፣ ማን እንደቀደደው የማይታወቀውን ሽፋን እየፈታች በምትኩ አዲስ ትሰፋለች። የአየር መንገድ ሠራተኛ በመሆኗም እሷና ቤተሰቧ ከአውቶቡስ በረከሰ ዋጋ መብረር ይችላሉ፤ ወንበር ከተረፈ ብቻ። ሙሉ ዋጋ የከፈለው ሁሉ ገብቶ ካለቀ በኋላ ክፍት ወንበር ከተገኘ ተጠባባቂ ይጠራል። ካልተገኘ ሻንጣን አንጠልጥሎ ወደ ቤት ነው። ጎረቤት ግን ይህን ከየት ይወቅ? በዓመት ስንት ጊዜ ሻንጣ እየጎተቱ ሲወጡ እያየ፣ «እነዚህ ሰዎች ባንክ ዘርፈው ነው እንዴ?» ይላል። የትምህርት ቤት ጓደኞቿም የሀብታም ልጅ አድርገዋታል፤ ጫማዋን ሲያዩ ደግሞ ግራ ይገባቸዋል።

የሚበሩት ለሽርሽር አይደለም። እናቷ የጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ናት። መርከቡ ቅርብ በሆነ ወደብ ሲቆም ለአንድ ቀን እንድትወርድ ይፈቀድላታል። ያኔ አክስቷ ሥራዋን ታስፈቅድና ልጅቷን ይዛ ትበራለች። ሦስቱም አንድ ቀን ሙሉ ሲያወሩ፣ ሲበሉ፣ ሲስቁ ይውላሉ፤ ሲመሽ እናቷ ወደ መርከቧ፣ እነሱም ወደ ተጠባባቂ ወንበራቸው ይመለሳሉ። በዚህኛው ጉዞ ግን አክስቷ ፈቃድ አላገኘችም። «ዕድሜሽ ደርሷል፤ መንገዱንም ሕጉንም ታውቂያለሽ» ብላ ብቻዋን ላከቻት።

ሕጉ የአየር መንገዱ አይደለም፤ የተጠባባቂዎች የራሳቸው ነው። ተጠባባቂ ንጹሕ ለብሶ ይመጣል። ስሙ እስኪጠራ ድረስ የበር ሠራተኛዋን አይጨቀጭቅም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጠባባቂ ተጠባባቂን ለምን እንደሚሄድ አይጠይቅም። አክስቷ እዚህ ላይ ስትደርስ ቀልዷን ትተዋለች። «ምክንያቱን ካወቅሽ ያገኘሽው ወንበር ይቆረቁርሻል» ትላለች፤ «እኔ በእጄ የሰፋሁት ቢሆን እንኳ።» ይህ ሕግ ለልጅቷ ከባድ ነው። ሳትጠይቅ ውላ ስለማታውቅ ቤት ውስጥ የሚጠሯት «እሜቴ ለምን» እያሉ ነው።

መንገዱ ሁለት በረራ ነበረው። ትናንት በመጀመሪያው ላይ መስኮት ዳር ደረሳት። ስንት ጊዜ በርራለች፣ ግን አልለመደችውም፤ የሚለመድ ነገርም አይመስላትም። ሲነሱ መሬቱ ላይ ዝናብ ይዘንብ ነበር። አውሮፕላኑ ጥቁሩ ደመና ውስጥ ገብቶ ሲንቀጠቀጥ ቆየና ድንገት ብቅ አለ። ፀሐይ ቦግ ብላ ወጥታለች። ያ ጭቃና ዝናብ ሁሉ ከላዩ ይህን የሚያክል ነጭ ሜዳ ተሸክሞ ኖሯል! ጎኗ ያለው ነጋዴ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል ብላ ተገረመች። እሷ ዓይኗን መጨፈን እንኳ ፈርታ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቀረች፤ ለምን እንደሆነ ሳታውቅም እንባዋ መጣ።

ማታ ያደረችበት ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በየአውሮፕላን ማረፊያው የአክስቷ ቢጤ ሰፊዎች አሉ። አንዷ ወደ ሌላዋ ከተማ ስትሄድ የዚያች ቤት ታርፋለች፤ በተራዋ ደግሞ ታሳርፋለች። «የመርፌ ዘመድ» ነው የሚባባሉት። ለመርፌ ዘመድ የሚሰጠው ከቤቱ ውስጥ ምርጡ አልጋ ነው። እነሱ ቤት እንግዳ ሲመጣ አልጋዋን የምትለቀው ልጅቷ ስለሆነች፣ ሳሎን ወለል ላይ ፍራሽ ሲነጠፍላት ማጉረምረሟ አይቀርም ነበር።

ትናንት የተቀበሏት ጡረታ የወጡ ሰፊ ናቸው። በሩን ሲከፍቱላት ደፉ ላይ ቆማ ቀረች። መጋረጃው፣ የአልጋ ልብሱ፣ የትራሱ ጨርቅ፣ ሁሉም ከወንበር ልብስ በተረፈ ቅንጥብጣቢ ተገጣጥሞ የተሰፋ ነው። ሰማያዊው ከቀዩ፣ ግራጫው ከባለመስመሩ ጋር ተያይዟል፤ ስፌቱ ግን ዓይን እስኪደክም ቢፈለግ አይገኝም። ይህን የመሰለ ክፍል ሆቴል ውስጥ እንኳ አላየችም። ሴትየዋ ሳሎን ያለው አግዳሚ ላይ ብርድ ልብስ ሲያነጥፉ አይታ፣ «እማማ፣ እኔ እዚያ ልተኛ» ብትላቸው ሳቁባት። እሳቸውም በስንት ሰው አልጋ ተኝተው ነው ዓለምን ያዩት። ጠዋት እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በር ሸኝተዋት፣ ወንበር ካጣሽ አልጋው አለ ብለዋት ተመለሱ።

እና አሁን፣ ያለ አክስቷ ገና በመጀመሪያ ጉዞዋ፣ ሕጉን ጣሰች።

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። ከጠየቀችው ምን ይደረግ በሚል ፊት ማውራት ጀመረ። ለአውሮፕላን የሚጫኑትን ትንንሽ ዳቦዎች የሚጋግረው እሱ ነው፤ የጥፍሮቹ ዳርና ዳር አሁንም ዱቄት አለበት። አምስት ዓመት የሆናት ልጅ አለችው። ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። ወደቡ ያለበት ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ባለፈው ወር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ትንሽ መሣሪያ ገብቶላታል። ቁስሉ እስኪድን ሲጠበቅ ቆይቶ፣ መሣሪያው የሚከፈተው ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ነው። እናትየው አብራት አለች። እሱ ፈቃድ ያገኘው ግን ገና ትናንት ማታ ነው።

«አምስት ዓመት ሙሉ ሳወራት ኖሬያለሁ» አለ። «ስለ ዳቦው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ምኑም። አንዱንም አልሰማችኝም። ዛሬ ትሰማኛለች። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን ጠፋኝ።»

ልጅቷ ብዙ አላሰበችም። «ስሟን ይጥሩት» አለችው። «እስካሁን ሰምታው አታውቅም አይደል?»

ሰውዬው አታየኝም ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። እየተለማመደ ነው። ልጅቷ ሰውነቷን ውርር አደረጋት። አዳራሹ ውስጥ የሻንጣ ጎማ ይንገጫገጫል፣ አንድ ሽማግሌ ይስላል፣ ከጣሪያው የምትናገረዋ ሴትዮ ትለፈልፋለች። ይህን ሁሉ ሲሰማ የነበረው ጆሮዋ እስካሁን ምንም አልመሰላትም ነበር። አንዲት ሕፃን ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ከዚህ ሁሉ ጋር በአንድ ጊዜ ልትተዋወቅ ነው። ከትናንቱ ደመና ይልቅ ይህ አስደነቃት።

ተሳፋሪዎቹ ገብተው አለቁ። ወረፋው የነበረበት ቦታ ወና ሆነ። የበር ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን አየች፣ ስልክ አነሳች፣ አስቀመጠች፤ ከዚያ የልጅቷን ስም ጠራች። ተጠባባቂ የሚጠራው በአገልግሎት ዘመን ነው፤ አክስቷ ከዳቦ ጋጋሪው በብዙ ዓመት ትበልጣለች። ቀጣዩ ተራ የእሱ ነው።

«አንድ ወንበር አለ፤ እድለኛ ነሽ» አለቻት።

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ። ቀጣዩ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሱም የሞላ ይመስለኛል።»

ልጅቷ የመሳፈሪያ ወረቀቱን ተቀበለች። እናቷን ካየቻት ብዙ ወር አልፏል። መርከቡ የሚነሳው ሲመሽ ነው፤ አሁን ከሄደች ሙሉ ቀን አላት። የከሰዓቱን ከጠበቀች ምናልባት አንድ ሰዓት ታገኛለች፤ ምናልባትም ምንም። ከዚያ በኋላ መርከቡ እንደገና ቅርብ ወደብ ላይ መቼ እንደሚቆም ካፒቴኑም አያውቅም።

ዞር ብላ አየችው። ሰውዬው እጁን አንስቶ «መልካም መንገድ፣ ልጄ» አላት። አልለመናትም፣ ፊቱንም አላጨፈገገም፤ ካፖርቱን አጣጥፎ ሻንጣው ውስጥ መክተት ጀመረ። ቢለምናት ይሻላት ነበር። ቢለምናት ትናደድበትና በሩን አልፋ ትሄድ ነበር።

ወደ በሩ ጥቂት ተራመደች። ባትጠይቀው ኖሮ ይህን ጊዜ እየሮጠች ነበር። ምን አባቷ አስጠየቃት? አክስቷ ይቆረቁርሻል ያለችው ወንበር ገና ሳትቀመጥበት ነው እንዴ የሚቆረቁራት? እናቷ እኮ ናት፤ የሌላ ሰው እናት አይደለችም። ግን እናቷ እስኪመሽ እዚያው ናት። እኩለ ቀኑ ግን አንዴ ካለፈ አለፈ።

ተመልሳ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ወደ ከሰዓቱ አዙሪልኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እርግጠኛ ነሽ? እሱ አይገኝም ብዬሻለሁ እኮ።»

ልጅቷ አፏን ብትከፍት ሐሳቧን የምትቀይር ስለመሰላት ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ቀድዳ ሌላ ስም ጠራች። ዳቦ ጋጋሪው ያልሰማ ይመስል ተቀምጦ ቀረ፤ ሁለተኛ ስትጠራው ተስፈንጥሮ ተነሳ። ሻንጣውን ግማሽ ዘግቶ፣ ካፖርቱን መሬት እያስጎተተ መጣ። ልጅቷ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«እኔ የከሰዓቱ ነኝ» አለችው ቶሎ ብላ።

አፉን ከፈተ። ሊጠይቃት ነው። ዓይኑ ጥያቄውን ከአፉ በፊት ጠይቋታል። ከዚያ ግን የስንት ዓመት ተጠባባቂ ነውና አፉን መልሶ ገጠመው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላትና ሮጠ።

መስታወቱ ጋ ሄዳ ቆመች። እስከ ዛሬ አውሮፕላን ሲነሳ ከውጭ ቆማ አይታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ውስጥ ናት። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ሰው፣ አንድ ዱቄታም አባት ጨምሮ ሜዳው ላይ እየከበደ ተንደረደረና መሬቱን ለቀቀ። መስታወቱ ደረቷ ድረስ ነዘራት። እንዲህ ያለ ነገር ዓለም ላይ በየቀኑ እየሆነ ሰው እንዴት ሥራውን ይሠራል? አውሮፕላኑ ደመናው ውስጥ ሲገባ ግን እናቷ ናፈቀቻት። በራሷም ተናደደች፤ ደህና አድርጋ አለቀሰች።

አፍንጫዋን ጠርጋ ስትጨርስ ስልኳን አወጣች። እናቷ ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳችው።

«ገባሽ?»

«አልገባሁም፣ እማ። የከሰዓቱን ነው የምጠብቀው።»

እናቷ ምነው አልተረፈም ወይ አለቻት። ተርፎ ነበር አለች፤ ከዚያም ስለ ዳቦ ጋጋሪውና ስለ ልጁ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

«ከሰዓት ባትደርሺስ?» አለች እናቷ።

«ባልደርስ በጣም ነው የሚደብረኝ።» አፍንጫዋን እንደገና ጠረገች። «ስልኩን ግን አትዝጊው። እስኪጠሩኝ ድረስ አውሪኝ።»

«ምን ላውራሽ?»

«የፈለግሽውን።»

ልጅቷ ወደ ተጠባባቂዎቹ ወንበር ተመልሳ ሻንጣዋን እግሮቿ መሃል አስገባች። እናቷ ለሠራተኞቹ ስለምታበስለው ምሳ ጀመረች። ከእናቷ ጀርባ ክሬን ይጮኻል፣ ሰዎች ይጠራራሉ፣ ባሕሩ የመርከቡን ጎን ይመታል። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና፣ አንድም ነገር ሳትጠይቅ፣ ታዳምጥ ጀመር።