ያልተፈረመው ምስክርነት

አዋላጇ ስንቱን ሕፃን በእጇ ተቀብላ ስታበቃ፣ የግዛቱን ድንበር በተሻገረች ማግስት ጀማሪ ተባለች። እንዲያው ሙያ እንደ ወተት መንገድ ላይ ይበላሻል? የመጣችውም ለደስታ አልነበረም፤ አያቷ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ደግፎ የሚያነሣቸው ሰው አጥተው ነው።

የሙያ ፈቃድ ቢሮው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

«የዚያኛው ግዛት ፈቃድ እዚህ አይሠራም። እንዲዛወርልሽ መጀመሪያ ስድስት ወር በእኛ አዋላጅ ሥር ትሠሪያለሽ፤ ብቃትሽን እሱ ይመሰክራል። ምስክሩ ታዲያ ዘመድ፣ ባል ወይም እጮኛ መሆን የለበትም።»

«ባልም እጮኛም የለኝ፤» አለች በደከመ ድምፅ።

ምስክር ሆኖ የተመደበላት በማዋለጃ ክፍሉ «ኮስታራው» የሚሉት አዋላጅ ነበር። ንግግሩ ቁጥብ፣ ዓይኑ ግን ከእጇ የማይለይ።

አንድ ቀን አንዲት ወላድ «ደረሰ ወይ?» እያለች ስትጮኽ፣ ነርሷ እንደ ልማዷ «ደርሷል፣ አይዞሽ!» አለቻት። አዋላጇ ግን አጎንብሳ እጇን ያዘቻት።

«ገና ነው፣ እህቴ። እኔ ግን አለሁ፤ የትም አልሄድም።»

ወላዷ እጇን ጨምቃ ዝም አለች። ኮስታራው ጓንቱን በግማሽ አውልቆ እንደ ቆመ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በእረፍት ሰዓት ወንበር ወደ መስኮቱ እየሳበ ያስቀምጥላት ጀመር። እሷ ያበጡ እግሮቿን ትዘረጋለች፤ እሱ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ልቧ ሄደ? ሄደ እንጂ! ለደከመ ሰው ግን ፍቅርም ተጨማሪ ሥራ ይመስለዋል፤ «መጀመሪያ ፈቃዴ ይምጣ» እያለች አቆየችው።

የመፈረሚያው ቀን ሲደርስ ኮስታራው አልፈረመም።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«መፈረም አልችልም፤» ብሎ ዓይኑን ሰበረ።

አያቷ ይህን ከአልጋቸው ሆነው ሲሰሙ ተንገበገቡ። «ይኸው! ፊቱን የሚያኮሳትር ሰው አትመኚ ብዬሽ ነበር። የኔ እናት፣ በእኔ ጣጣ ከሙያሽ ወጣሽ!»

ተናግረው ሳይጨርሱ በሩ ተንኳኳ። ኮስታራው ነበር፤ ጋውኑን እንኳ አላወለቀም።

«ደግሞ ምን ቀረህ?» አሉት አያት።

«እማማ፣ ቅጹ ‹ከአመልካቿ ጋር ምንም ዓይነት ቅርበት የለኝም› ብለህ ፈርም ይላል። አቃተኝ።»

አዋላጇ በሩን ተደገፈች። «ቅርበት አለን እንዴ?»

«በአንቺ በኩል አላውቅም። በእኔ በኩል ግን አለ።»

አያት ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ። «ወይ ጉድ! ይህን ለመናገር ነው የልጄን ልፋት ገደል የከተትከው?»

«አንድ ፊርማ እኮ ነው!» አለች አዋላጇ፤ እንባዋ ቀደማት። «ፈርመህ ማግስቱን ብትነግረኝ ምን ነበር? ደክሞኛል። እንደገና ከሀ ልጀምር?»

«ፈርሜ ኋላ አብረን ብንታይ ፈቃድሽን ይነጥቁሻል። ደግሞ አንቺ ለወላድ የማትዋሺውን፣ እኔ በአንቺ ላይ እንዴት ልዋሽ? ካልፈለግሽኝ ልሂድ።»

እንባዋን ጠረገች። ከዚያ በክፍሉ ያለችውን አንዲት ወንበር ወደ መስኮቱ ሳበችና አስቀመጠችለት።

«ቁጭ በላ!» አሉ አያት። «እሷ ደክሟት አንተን ትለምን?»

አዋላጇ ስድስት ወሩን በሆስፒታሉ ዋና አዋላጅ ሥር እንደገና ጀመረች፤ ንጹሕ ጓንት ላይ ጉድፍ የምትፈልግ ሴት ሥር። ሐሜት እንዳይነካት ኮስታራው ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ፣ ማታ ማታ በሆስፒታሉ በር ይጠብቃት ጀመር።

አንድ ምሽት እግሯን እየጎተተች ወጣችና ግንባሯን ትከሻው ላይ ጣለች።

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

ሌላ ሰው ቢሆን «ደርሷል» ይላት ነበር።

«ገና ነው፤» አላት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ተቀበላት። «እኔ ግን አለሁ።»