ሜዳ ውስጥ የገባው ወንበር

አሰልጣኝ ቨርኖን ፔክ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ጫፍ ላይ፣ ከመስመር መቀቢያው ጋሪ አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። የመስመር ካስማ መምቻው መዶሻ ደም ነክቶት እግሩ ሥር ወድቋል። የሜዳው መስመር ሁሉ ተቀብቶ አልቋል፤ ነጩ ቀለም ገና አልደረቀም። ከካንሳስ የስንዴ ማሳ ወዲያ ሰማዩ ጠቁሮ ወደ ሃርሎ መንደር እየተሳበ ነው።

ሸሪፍ ዊልማ ኦስትሮም አስከሬኑን አይታ ስታበቃ ሣሩን ታይ ጀመር። መንደርተኛው በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሳያማት አልቀረም።

ነገሩ ለሁሉም ግልጽ መስሏል። መስመር መቀባት ከጠዋት ጀምሮ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ ፔክ የተገደለው እኩለ ቀን ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ሃርሎ በሙሉ ለማታው የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ልጆቹን ሊያደፋፍር ጂምናዚየም ገብቶ ይጮኽ ነበር። የጎደለው ረዳቱ ድዋይት ክላሰን ብቻ ነበር።

«መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ» አለ ድዋይት። «ጠዋቱን ሙሉ ሳስተምር ውዬ ራሴን አመመኝ። ትላንት ተጨቃጭቀናል፣ አልክድም። ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር እንቀላቀላለን፣ የቡድኑም ስም ይቀራል ሲለኝ አበድኩ። ግን ሰው ልግደል? ሚስቴ እኮ ልትወልድ ደርሳለች፣ ሸሪፍ!»

ርዕሰ መምህርቷ ኢሎይስ ብራንት እንባዋን ጠረገች። «ወደ ጂምናዚየም ከመሄዴ በፊት ከሩቅ አይቼዋለሁ። ኮፍያውን ደፍቶ ጋሪውን ይገፋል። እጄን ባውለበልብለት ዝም አለኝ። አኩርፎኝ ነው ብዬ አለፍኩ።»

ኦርቪል ታት የቡድኑ የድሮ ሻምፒዮን ነው፤ የሻምፒዮንነት ጃኬቱ ከሆዱ ጋር ከተጣላ ግን ቆይቷል።

«እኔ ጂምናዚየም ፊተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ያላየኝ የለም» አለ። «ሜዳውንማ ዘንድሮ ረግጬው አላውቅም። ልጅ አነሰን ብለው ከአሥራ አንድ ተጫዋች ወደ ስምንት ወረዱ! ስምንት ልጅ ቡድን ነው እንዴ? ሽርሽር እንጂ! በይ ዊልሚ፣ ያን ልጅ ያዢና ዝናቡ ሳይመጣ እንግባ።»

ሸሪፏ ግን ሦስቱንም ከተጫዋቾቹ አግዳሚ ወንበር ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«አንድ ነገር ዓይኔን ወጋኝ» አለች። «ይሄ ወንበር መስመሩን አልፎ ሜዳ ውስጥ ገብቷል። ምን እናድርገው?»

«ወደ ኋላ ይገፋ ነዋ!» አለ ኦርቪል። «ይሄም ምክር ይፈልጋል?»

ኢሎይስና ድዋይት ተያዩ።

«ወንበሩ እኮ ቦታው ላይ ነው» አለች ኢሎይስ ቀስ ብላ። «ሜዳው ለስምንት ተጫዋች ሲጠብ እኔና ቨርኖን ነን ወደ ውስጥ ያስጠጋነው። የተሳሳተው መስመሩ ነው።»

«አዎ» አለች ሸሪፏ። «የማዶው መስመር በጠባቡ ልክ ነው፤ የቨርኖን የእጅ ሥራ ነው። ይሄኛው ግን ሣሩ ውስጥ በቀረው በድሮው የመስመር ካስማ፣ በአሥራ አንዱ ልክ ተቀብቷል። ቨርኖን ራሱ ያጠበበውን ሜዳ አይረሳም። እንግዲህ በጠዋት ተገድሏል ማለት ነው፤ የቀረውን የቀባው ገዳዩ ነው። ሥራው አልቆ፣ ገዳዩም ጂምናዚየም ውስጥ በሰው ፊት ተቀምጦ ሳለ ቨርኖን የሞተ እንዲመስል። ጠዋት ድዋይት ተማሪዎቹ ፊት ነበር። ኢሎይስ ደግሞ ይህን መስመር አትስትም። የሚስተው ዘንድሮ ሜዳውን ያልረገጠ ነው፣ ኦርቪል። እስቲ ጫማዎን ያንሱት።»

ነጩ ቀለም ሶሉ ስፌት ውስጥ ተጣብቋል።

ኢሎይስ አፏን ያዘች። «እጄን ያውለበለብኩት… ለአንተ ነው?»

ኦርቪል ወደ ሸሪፏ ዞረ።

«የቡድኑን ስም ሊያጠፋው ነበር፣ ዊልሚ» አለ። «አባቴ የተጫወተበትን ስም።» ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ ዓይኑ ከመስመሩ አልተነቀለም። «ቢሆንም… ቀጥ ብሎ የለም?»

ዝናቡ ደረሰና ነጩ ቀለም ወደ ሣሩ ይፈስ ጀመር።