የካሊቫቲ ድምፅ

ካሊቫቲ ከረጢቶቹን ሲቀበል ኡናይሲ ከመርከቡ ወጥ ቤት በመስኮት አየችው። በትንሿ ጀልባ ከኮራሉ ማዶ ወደቆመው የውጭ አገር መርከብ ተጠግቷል።

አደንዛዥ ዕፅ ነው።

ወንድሟን ማናሳን የገደለው ይህ ሰው ነው። እሱን እጅ ከፍንጅ ለማስያዝ ወራት ሙሉ ካሳቫ ቀቅላለታለች፤ ዓሣ ጠብሳለታለች።

«እስቲ እንደ ካሊቫቲ ተናገሪልኝ፣ ሳይመለስ» አላት መርከበኛው ሴሩ ገመድ እየጠቀለለ።

ኡናይሲ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አንተ የበሰበሰ ዓሣ! ገመዱን ትይዛለህ ወይስ አንተኑ ልሰርህ?»

የድምፁ መጎርነን፣ ቃል መጎተቱ፣ ሁሉም ራሱ ካሊቫቲ ነበር። ሴሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወይ እቴ! ሚስቱም አትለይሽ!»

እየሳቀ ትታው ሬዲዮዎቹ ወዳሉበት ወደ መሪው ክፍል ገባች። ለስለላ ወደዚህ መርከብ ለላካት አለቃዋ ለኢኖኬ ርክክቡ መጀመሩን ልትነግረው ነው። በሬዲዮ ስሙ «መልሕቅ» ነው።

እሱ ቀደማት።

«ካሊቫቲ፣ መልሕቅ ነኝ። ምግብ አብሳይህ ሰላይ ናት። የማናሳ እህት።»



ሸጣት።

በአንድ እጇ የሁለተኛውን ሬዲዮ ቁልፍ ተጭና ያዘች፤ ላውቶካ ያለው የባሕር ኃይል ጣቢያ ይስማ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ በካሊቫቲ ድምፅ ተናገረች።

«አሁን ነው የምትነግረኝ? በወንድሟ ጊዜ የነገርከኝ በሰዓቱ ነበር።»

«ማናሳንም እኔ ሰጠሁህ፣ እሷንም እኔው። ምን ትነጫነጫለህ?»

«እንግዲያው ና። እዚሁ ጨርሰን እንለያይ።»

«መጣሁ።»

ባሕር ኃይሉ ሰምቷል። ዝም ብላ ብትጠብቅ ይበቃ ነበር።

አልበቃትም።

ካሊቫቲ ሲመለስ የፈራች መስላ ቀረበችው። «አለቃ፣ በሬዲዮ ሰው ሰማሁ። መልሕቅ ነኝ ይላል። ‹ካሊቫቲን ዛሬ አስረክባችኋለሁ› ሲል ነበር። ለባሕር ኃይሎቹ።»

ካሊቫቲ ሽጉጡን አወጣ።

የኢኖኬ ጀልባ ተጠጋች። ኢኖኬ ፈገግ ብሎ ቆመ። «የታለች?»

ካሊቫቲ ተኮሰ።

ኢኖኬ እየወደቀም ተኮሰ። ሴሩ ሮጦ ኡናይሲን ወደ ወለሉ ገፈተራት። ጥይቱ አንገቱ ላይ አገኘው።

የባሕር ኃይል ጀልባዎች ሲደርሱ ካሊቫቲ እጁን ሰጠ። ኢኖኬ ሞቷል። ኡናይሲ የሴሩን ራስ ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ስትመኘው የኖረችውን በቀል አግኝታለች፤ ቀና ብላ ግን አላየችውም።

በቀብሩ ዕለት በሴሩ መንደር ከሴቶቹ ኋላ ተቀመጠች። እነሱ ሲያለቅሱ እንደነሱ አለቀሰች። እናቱ እንግዳ ፊት አይተው ጠጋ አሉ።

«የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?»

«ከማዶው ደሴት ነኝ፣ እማማ» አለች በማዶ ሰዎች አነጋገር።

«ከሴሩ ጋር ትተዋወቁ ነበር?»



«የለም» አለች። ተነሥታም ወደ ጀልባው ከሚወርዱት ሰዎች ጋር ተቀላቀለች።