ባና የማይገባበት ጓዳ

የተመራማሪው የዶክተር አፈወርቅ ሬሳ በዘመሮ ከተማ፣ በአባቱ ቤት ጓዳ፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር ማጅራቱን ተመትቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ጫኔ ከመሐል ሜዳ ሲደርስ አገሩ ፈርዶ ጨርሷል። በመሬት የተጣላው ታላቅ ወንድሙ ወዳጆ ታስሯል፤ የሟቹ ሚስት ጽናት ለቀብር እንኳ እንዳይወጣ አስከልክላዋለች።

ምስክሩ የሟቹ የሥራ ባልደረባ ምንይሉ ነው፤ ሰውን ከላይ እስከ ታች የሚለካ ምሁር። አስቀድሞ ጫኔ ከስንተኛ ክፍል እንዳቋረጠ ጠየቀ። ከስምንተኛ መሆኑን ሲሰማ ሣቅ አለ።

«ከእርሳስ ጥቁሩ በፕላስተር የተላጠ፣ ባይን የማይታይ ድርብ ገለፈት ነው» አለ፣ ጓዳው ውስጥ ከሟቹ ጋር የሠሩትን መሣሪያ እያሳየ። «የኤሌክትሪክ መስክ ሲቀርበው ጠባዩ ይለወጣል፤ ኤሌክትሪክ ያሳልፍ የነበረው ያግዳል።»

«ሳይነካው?»

«ሳይነካው። በሬ በጅራፍ ጩኸት እንደሚዞረው በለው፣ እንዲገባህ።»

ጫኔ ዋጣት። ስንቱን ውጧል።

«ወዳጆን በመስኮት አየሁ ብለሃል። በምሽት፣ ከጀርባው፣ በምን ለየኸው?»

«በባናው። ከበግ ጠጉር የተሠራ ቡናማ ባናውን ተከናንቦ መሣሪያው ላይ ተደፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንተ እስክትመጣ ጓዳው ተቆልፎ ነበር።»

ጽናት በበኩሏ ወዳጆን ስትረግም ቆይታ አንድ ነገር አመለጣት። ባሏ ባና ለባሽ ወደ ጓዳው አያስገባም ነበር። የበጉ ጠጉር በበጋው ድርቀት ይንጣጣል እያለ ሁሉንም ደጅ ያሰቅል ነበር። ወዳጆም እያጉረመረመ ይሰቅላል።

በማግስቱ ጫኔ ምንይሉን፣ ጽናትንና እስረኛውን ወዳጆን ጓዳው ውስጥ ሰበሰበ። ምንይሉ መሣሪያውን በባትሪ አስነሣው፤ የመለኪያው መርፌ እንደታዘዘ ወጣ፣ ወረደ። መሣሪያው ከእንግዲህ የእሱ ብቻ ነውና ፊቱ በራ። ጫኔ የወዳጆን ባና እስኪንጣጣ በእጁ አሽቶ ወደ ገለፈቱ አስጠጋው።

«አታቅርበው!» ምንይሉ እጁን ያዘው። «የጠጉሩ ኤሌክትሪክ በስቶ ይገድለዋል!»

ጫኔ ቆመ።

«ወዳጆ ባናውን ለብሶ ተደፍቶበት ቢሆን ታዲያ ይኼ ዛሬ ይሠራ ነበር? አይሠራም፤ አንተው አልክ። ስለዚህ ባና አልገባም። ባና ካልገባ ያየኸው ሰው የለም። መስኮቱ ፊት ስለማያሳይ፣ መንዜ በባናው ይታወቃል ብለህ አለበስከው። ያልነበረ ሰው አየሁ የሚል የነበረውን ሊሸሽግ ነው። የነበርከው አንተ ነህ።»

ምንይሉ የጫኔን እጅ ለቀቀ። «አፈወርቅ ስሜን ፍቆ ሥራችንን ለብቻው ሊያሳትም ነበር» አለ።

ወዳጆ ከእግር ብረት ሲፈታ ጽናት ቀረበችው።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ወንድሜን አፈር ሳላለብሰው አስቀርተሽኝ?»

ባናውን ከጫኔ እጅ ተቀብሎ ወደ መቃብሩ ወጣ። ልትከተለው አንድ ጊዜ ተራመደች፤ ዞሮ ሲያያት ቆመች።