የ«ደህና ነኝ» ጣጣ

ደህና ሳይሆኑ «ደህና ነኝ» ማለት በእኛ በዌልሷ ከተማ ስዋንሲ ከእናት ጡት ጋር የተጠባ ነው። እናቴ እግሯ ተሰብሮ አምቡላንስ ውስጥ ተጋድማ ነርሷን «እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ያለች ሴት ናት።

እኔም የእሷው ልጅ ነኝ። የነርቭ ሕመሜ አንዳንድ ቀን እንደ ሰው ያስኬደኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከአልጋ አያስነሳኝም። መንግሥት ለአካል ጉዳተኛ የሚሰጠው ድጎማ ይገባኝ እንደሆነ ይጣራ ተብሎ ተጠራሁ። መርማሪዋ ገና በር ላይ «እንዴት ነሽ ኔሪስ?» ስትለኝ አፌ ቀደመኝ።

«ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ!»

ጻፈችው። ድጎማዬ ተቆረጠ።

ጋሬትን ያወቅኩት በዚሁ ጣጣ ነው። ድጎማውን ሊቀንስ የመጣውን አዲስ ሕግ የሚታገል የበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ይሠራል። ታሪኬን ሲሰማ ሳቀ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቆይቶ ግን ሳቁ ደስ አለኝ።

«እኛ ጋ የምትመጡት ሁላችሁም አንድ ናችሁ!» አለ። «ስሚኝ፣ ሲጠይቁሽ የከፋውን ቀንሽን ንገሪያቸው። ‹ደህና› የምትባለዋን ቃል እርሻት።»

«አንተ ስትጠይቀኝስ?»

«እኔም ብሆን!»

ለይግባኙ ተለማመድን። እሱ መርማሪ ሆኖ ይጠይቃል፣ እኔ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ ያቃተኝን ጠዋት፣ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተዘርሬ የዋልኩበትን ቀን እነግረዋለሁ። ዓይኑ እንባ ያቀራል። ይግባኙን አሸነፍን፤ እሱ ግን በየሳምንቱ መምጣቱን አልተወም።

ወደድኩት። ግን ጉድ እኮ ነው! የወደደው እኔን ይሁን የከፋውን ቀኔን መለየት አቃተኝ። ስለዚህ ጥሩ ቀን ሲመጣልኝ እንደ ሌባ በሬን ቆልፌ እውላለሁ።

አንድ ፀሐያማ እሑድ ግን አልቻልኩም። ያለ ከዘራዬ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድኩ። ቺፕስ ገዛሁ። የባሕር ወፍ ልትነጥቀኝ ስትመጣ ሮጥኩ። አዎ፣ ሮጥኩ! ቀና ስል ጋሬት ፊቴ ቆሟል፤ ሕጉን ለሚቃወመው ሰልፍ የሚበትነውን ወረቀት ታቅፏል።

ተያየን። ከዘራ ያልያዘውን እጄን አየ። በቃ፣ አስመሳይ ናት ብሏል አልኩ በልቤ።

«ጋሬት፣ ያ ሁሉ እውነት ነው» አልኩት። «ይሄም እውነት ነው። የትኛዋ እንደሆንኩ ለራሴም ግራ ገብቶኛል።»

«እንዴት ነሽ?» አለኝ።

«አትቀልድ!»

«አልቀለድኩም። ያስተማርኩሽን ተይውና ንገሪኝ።»

«ዛሬ ደህና ነኝ። ነገን እንጃ።»

«እኔ እኮ በየሳምንቱ የምመላለሰው ይህችን ቀን አገኛት እንደሆን ብዬ ነው፣ አንቺ ሞኝ!» አለና ከቺፕሴ ዘገነ።

«ከወፏም አትሻል!»

ሳቅን። ከዚያ እጄን ያዘኝ። «ነገን ደግሞ ነገ እጠይቅሻለሁ» አለኝ።

በማግስቱ እግሬ እምቢ አለ። ስልኬ ጮኸ።

«እንዴት ነሽ?»

«ደህ…» ብዬ ዋጥኳት። «መጥፎ ነኝ፣ ጋሬት። ና። የበሩ ቁልፍ ከአበባው ማስቀመጫ ሥር ነው።»

ቁልፉ የት እንዳለ ለእናቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።