በሰው ስም የተሳፈረው ልጅ

ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ኮርቼበት አይደለም። እኔም ጥፋተኛ ነኝ። አንዳንዱን ነገር እስከ ዛሬ በቅጡ አልተረዳሁትም፤ ቢሆንም ያየሁትን ልናገር።

ዘመኑ ጣሊያን አገራችንን የያዘበት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። በኮልፌ ያን ጊዜ አንድ ክፉ ልማድ ገብቶ ነበር። ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ሰው በስሙ ሲጠራ፣ ያለው በራሱ ፈንታ የሌለውን ይልካል። የእገሌ ስም ሲጠራ ሌላው «አቤት!» ይላል፤ ጠሪውም የሰዉ ብዛት ከሞላለት አይመራመርም። ብልጠት መስሎን «አንተ ዛሬ ማንን ላክህ?» እየተባባልን እንሣሣቅ ነበር። የስም ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ አምሐ ነበርሁ። የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነኝ፤ ከሚስዮን ትምህርት ቤት የቀሰምኋት ጥቂት ጣሊያንኛም ነበረችኝ።

በጥር ወር አንድ የጣሊያን ሹም ጠራኝና ኳስ የሚጫወቱ አሥራ አራት ልጆች እንድጽፍለት አዘዘኝ። ባሕር ተሻግረው ናፖሊ በምትባል ከተማ ተጫውተው ይመለሳሉ አለ። «ታዲያ ከታወቀ ቤት የተወለዱ ይሁኑ» ሲል አስጠነቀቀኝ። ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ ግን ጣሊያን የወሰደውን ይመልሳል ብሎ የሚያምን ሰው አልነበረም። የቆዳ ነጋዴው አቶ ሰብስቤ፣ አንድ ልጃቸው ሀብተሥላሴ እንደታሰበ ሲሰሙ እየሮጡ መጡ።

«አምሐ፣ በኔ ልጅ ቦታ የዋጋነሽ ልጅ ይሂድ።»

«ዳባ? የእንጨት ሻጭ ልጅ ሹሙ መቼ ይቀበላል?»

«ዳባ ብለህ ጻፍ ማን አለህ? ሀብተሥላሴ ሰብስቤ ብለህ ጻፍ፣ የሚሳፈረው ዳባ ይሁን። ኳሱንም ቢሆን ከኔ ልጅ እሱ ይሻላል። መርከብ ያያል፣ ዳቦ ይጠግባል፤ ምን ይጎዳል?»

«እናቱስ?»

«ልጅሽ ተመርጧል እላታለሁ። የስሙን ነገር ነግረን ለምን እናስጨንቃት! ለመንገዱ ሥራ ስንቱን እንዲህ ስትጽፍ ኖረህ የለም ወይ?»

እውነታቸውን ነው፣ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ጻፍሁ።

ዳባ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ስምህን ለማንም እንዳትናገር ስንለው «ኳሱን ብቻ ስጡኝ እንጂ የፈለጋችሁትን በሉኝ!» ብሎ በደስታ ዘለለ። ሀብተሥላሴ አስኮ አክስቱ ቤት ተደበቀ። ለሰፈሩ ሁሉ ሁለቱም እንደሄዱ ተነገረ። ልጆቹን የጫነው ካሚዮን ሲነሣ ወታደሮቹ ወላጆችን አላስጠጉም፤ ዋጋነሽ ከሩቅ ሆና ነጠላዋን አወዛወዘች።

በመጋቢት መጨረሻ አንድ ወታደር ለአቶ ሰብስቤ ደብዳቤ አመጣ። ቤታቸው ተጠርቼ አነበብሁላቸው። ሀብተሥላሴ ሰብስቤ በሳንባ በሽታ ናፖሊ ሆስፒታል ውስጥ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል ይላል።

«ልጄን!» ብለው ጮኹ።

የሚገርመው እኔም አብሬ ጮህሁ። ስሙ ከፊቴ ተጽፎ ሳየው ሀብተሥላሴ የሞተ መሰለኝ። ከዚያ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ አስታወስን። ልጁ አስኮ ነው፣ ትናንት ስንቅ ተልኮለታል። ተያየን። ጎረቤቱ ግን ጩኸቱን ሰምቶ ግቢውን ሞልቶታል።

«አፍህን ያዝ» አሉኝ አቶ ሰብስቤ በሹክሹክታ። «ሹሙ ካወቀ እኔንም አንተንም በአንድ ገመድ ነው።»

በማግስቱ ድንኳን ተተከለ። በሕይወት ላለ ልጅ ለቅሶ ተቀመጥን። ሚስታቸው ሰርኬ እንባ አልወጣት ሲል ሰው «ድንጋጤው አድርቋት ነው» አለ። እኔ ደግሞ ለዳባ እያለቀስሁ ሰው ለሀብተሥላሴ የማለቅስ ይመስለው ነበር። ማን እንደሞተ፣ ማንን እንደምናጽናና ግራ ገባኝ። ከዚያ ዋጋነሽ መጣች። መቀነቷን አጥብቃ፣ ደረቷን እየደቃች፣ ከሁሉ በላይ አለቀሰች። ሲበርድላት አቶ ሰብስቤ አጠገብ ተቀመጠች።

«እግዜር ያጥናዎት፣ አቶ ሰብስቤ። እውነቱን ልንገርዎት፤ ደብዳቤ መጣ ሲሉኝ እንጨቴን ጥዬ ሮጥሁ። የልጄ ስም አልተጠራም ሲሉኝ ተመስገን አልሁ። ያ ዋቃ፣ አምላኬ፣ በሰው ሐዘን ተመስገን አልሁ! ይቅር ይበሉኝ።»

አቶ ሰብስቤ ተነሡ፤ መልሰው ተቀመጡ፤ ደግሞ ተነሡ።

«ዋጋነሽ፣ ይቅር በይኝ የምል እኔ ነኝ። ልጄ አልሄደም። የሄደው ያንቺ ልጅ ነው፣ በልጄ ስም።»

አልገባትም። «ሁለቱም ሄደው የለም እንዴ? የሞተውማ ሀብተሥላሴ ነው» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «አንተ አይደለህ የጻፍኸው? ዳባ የሚል ስም የለም?»

«የለም፣ እናቴ» አልሁ። «አልጻፍሁትም።»

ያን ጊዜ ገባት። የጮኸችውን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም። ድንኳኑ ተነቅሎ በእርሷ ደጃፍ ተተከለ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ሰብስቤ ሀብተሥላሴን ከአስኮ አምጥተው በሽማግሌዎች ፊት ከነልጃቸው በዋጋነሽ እግር ላይ ወደቁ።

«ከዛሬ ጀምሮ ልጅሽ ይሁን። ይጡርሽ፣ ይቅበርሽ።»

ዋጋነሽ ልጁን ብድግ አድርጋ ግንባሩን ሳመችው። «አንተ ምን አጠፋህ?» አለችው። ከዚያ አባቱን አየቻቸው።

«ዛሬም ምትክ ይዘው መጡ፣ አቶ ሰብስቤ? ይህ ልጅ እናት አለው። እኔ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ልጄ በራሱ ስም ይቀበርልኝ።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አቶ ሰብስቤ ተነሥተው ወጡ፤ እኔም ተከተልኋቸው። በእግራችን ወደ ሹሙ ቢሮ ሄደን እውነቱን ተናገርን። እርሳቸው አምስት ወር፣ እኔ ሦስት ወር ታሰርን። መቃብሩ ላይ ስሙ ይታረም አይታረም ግን ማንም አልነገረንም። ዛሬም አላውቅም።

ወገኖቼ፣ ጠላት በግድ ጠራን፣ ይህ እውነት ነው። ዳባን የመረጥነው ግን እኛ ነን፤ ድሃ ስለሆነና የሚጠይቅለት ስለሌለ መረጥነው። በእናንተ ፈንታ የሚቆም ሰው ስታገኙ ደስ አይበላችሁ። እርሱንም አንዲት እናት ደጅ ደጁን እያየች ትጠብቀዋለች።