በየጠዋቱ ሁለት ሜትር

ተመራማሪዋ ተራራውን መውጣት የጀመረችው ጎህ ሲቀድ ነው። ከፊቷ የሚሄዱትን ሽማግሌ መጠርጠር የጀመረችው ግን ከዚያ በፊት ነው።

ሰውየው በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ የተኛውን ሐይቅ ከፍታ በየጠዋቱ ከመለኪያ ዘንግ አንብበው በሬዲዮ ለእሷ የሚያስተላልፉ ጠባቂ ናቸው። በጥናት ጣቢያው ሁሉም ሰው «ባለዘንጉ» ይላቸዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስተላለፉት ቁጥር አንድ ነው፦ ሁለት ሜትር። ፀሐይ ቢከርርም፣ ዝናብ ቢወርድም ሁለት ሜትር! በእነዚያው ሳምንታት መሬቱ ከስር ሲንቀጠቀጥ ሰንብቷል። የትኛው ሐይቅ ነው እንዲህ ጨዋ የሚሆነው?

ከተራራው ግርጌ ካምፕ ውስጥ እየኖሩ ለአንድ ኩባንያ ድኝ የሚቆፍሩ ሁለት መቶ ሰዎች አሉ፤ አንዱ ታናሽ ወንድሟ ነው። ኩባንያው ካምፑን የሚያነሳው ሐይቁ መጉደሉ ከተረጋገጠ ብቻ ነው። ጎደለ ማለት ውሃው ወደ ታች እየሰረገ ነው ማለት ነው፤ ታች ደግሞ የቀለጠ ዐለት አለ። በጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ያደረገ ሰው የሚሆነውን ያውቃል። እዚህ መጥበሻው ተራራ ያክላል፤ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ከሺህ እጥፍ በላይ ያብጥና ዐለቱን ዱቄት አድርጎ ይተፋዋል። ኩባንያው ሽማግሌውን ገዝቷቸው ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ከነሳት ሰንብቷል።

ግማሽ መንገድ ላይ ጭጋግ ዋጣቸው። ባለዘንጉ ወደ ግራ ታጠፉ።

«ካርታው በቀኝ ነው የሚለው፣ አባባ።»

«ካርታው ባለፈው ሳምንት የተናደውን አላየም። ተከተዪኝ።»

አላመነቻቸውም። ድንጋይ አንስታ ወደ ቀኝ ወረወረች። ሲያርፍ አልሰማችም። ዱካቸውን እየረገጠች ተከተለች፤ መጠርጠሯን ግን አልተወችም።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ከላይ በኩል መሬቱ ተርገፈገፈ። ሽማግሌው ክንዷን ጨምድደው ዐለት ስንጥቅ ውስጥ ወሸቋት። የጎሽ መንጋ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ አረፋ እየደፈቀ በአጠገባቸው ቁልቁል ተወረወረ። አንዱ ቀንዱን በዐለቱ ላይ ፍቆ አለፈ።

«ሥራዬ ብለው ሲሸሹ ሳይ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው» አሉ ባለዘንጉ እያለከለኩ። «ሌላ ጊዜ አባረሽም አይወርዱልሽም።»

የደነገጡ መምሰል ያውቁበታል አለች በሆዷ።

አፋፉ ላይ ጠመንጃ የያዙ ሁለት የኩባንያ ዘበኞች ጠበቋቸው።

«ወዴት ነው?»

«ሐይቁን ልለካ» አለች።

«ተለክቷል፤ ሁለት ሜትር ነው። ማንም እንዳያልፍ ተብለናል።» ዘበኛው የሽማግሌውን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «አባባ ጎበዝ ናቸው፤ አንድ ቀን አስደንግጠውን አያውቁም።»

ደሟ ፈላ። አሁንስ ምን ማስረጃ ቀራት! ባለዘንጉ ግን የዘበኛውን እጅ ከትከሻቸው አነሱና ቀጥ ብለው ወደ አፈሙዙ ተራመዱ።

«የዛሬውን ገና አላነበብኩም። የምትተኩስ ከሆነ ተኩስ፤ እኔ ሥራ አለብኝ።»

ጠመንጃው ዝቅ አለ። ተከትላቸው እየተንሸራተተች ወደ ሐይቁ ወረደች።

ዘንጉ ውሃው ውስጥ ቆሟል፤ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ከዘንጉ ወደ ላይ ግን የተሰነጣጠቀ ጭቃ ነበር፤ በጭቃው ላይ ሽቅብ የተሰለፉ ጉድጓዶች። ቆጠረቻቸው። ሃያ አንድ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ውሃው ሲሸሽ በየጠዋቱ እየነቀልኩ እተክለዋለሁ» አሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው። «አንዳንድ ቀን ጭቃው እስከ ብብቴ ይውጠኛል።»

«ማን አዘዘዎት?»

«አንቺ ነሻ! ዘንጉ የወደቀ ጊዜ ‹ምንም ቢመጣ ሁለት ሜትር ውሃ ውስጥ ይቁም› አላልሽኝም?»

ብላ ነበር።

«ታዲያ መሸሹን ለምን አልነገሩኝም?»

«ልነግርሽ ስጀምር መቼ ታስጨርሺኛለሽ? ‹ቁጥሩን ብቻ፣ አባባ› ነው መልስሽ።»

ከመጀመሪያው ጉድጓድ እስከ ዘንጉ እግር ያለውን የከፍታ ልዩነት ለካች፤ አሥራ አንድ ሜትር። ሐይቁ ዳር ዳሩን ይንተከተካል፣ ከስሩ የታፈነ ድምፅ ያጉረመርማል። ሬዲዮውን ነጠቀች።

«አሥራ አንድ ሜትር ወርዷል! በዓይኔ አይቻለሁ፤ ካምፑ አሁኑኑ ይነሳ!»

ከዚያ በኋላ ሩጫ ብቻ ነበር። ዘበኞቹም ጠመንጃቸውን ጥለው ከኋላ ተከተሏቸው። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሽማግሌው እጇን ይዘው ይጎትቷታል፤ እሳቸው ሲሰናከሉ እሷ ታነሳቸዋለች። ከማዶው ጉብታ ላይ ሲደርሱ ተራራው ፈነዳ። ጥቁር ጭቃና እንፋሎት ሰማዩን ወጋው፣ የዐለት ዱቄት ቀኑን አጨለመው፣ ካምፑም ከዓይን ጠፋ።

ከካምፑ ሰዎቹን ይዘው የወጡት መኪኖች አንድ በአንድ ጉብታው ላይ ወጡ። ወንድሟ ከመጨረሻው ላይ ወረደ፤ በአመድ ተለውሷል፣ ግን በእግሩ ነው የቆመው። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። የጣቢያው ኃላፊ ነው። «ሦስት ሳምንት ያታለሉን ሽማግሌ እዚያ ናቸው? ይያዙልኝ!»

ባለዘንጉ ሰምተዋል። አንገታቸውን ደፉ።

«ያታለለን ሰው የለም» አለች። «ዘንጉን እንደዚያ እንዲተክሉ ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ። ሊነግሩኝ ሲሞክሩ ያላስጨረስኳቸውም እኔ ነኝ። በሪፖርቱ ላይ የእኔን ስም አስገባ።»

መልስ ሳትጠብቅ አጠፋችው፤ ሥራዋንም አብራ ያጠፋችው መሰላት። መጥታ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው በጣታቸው ወደ ተራራው ጠቆሙ።

«ከሁሉ በፊት የሸሹት ወፎቹ ናቸው» አሉ።

አላቋረጠቻቸውም።